ምዕራፍ 7፦ ሐይቅ ሲመለስ

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች ከግራና ሸለቆ አልወጣንም። በምዕራፍ 5 የቆቦ ግራና የመስኖ ጉድጓዶች ውኃቸውን ከየት እንደሚያገኙ አየን። በምዕራፍ 6 ደግሞ ከሀብሩ ዳገቶች እየደነፋ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ሲደርስ ለምን አሸዋው ውስጥ ሰጥሞ እንደሚቀር ተነጋገርን። የቀረን ውኃው ሳይሰምጥ መሬት ላይ የሚተኛበት ቦታ ነው፤ ሐይቁ፣ ጨፌው፣ ረግረጉ። ባለሙያዎች ሁሉንም ጠቅልለው «እርጥበት አዘል መሬት» ይሏቸዋል። እኔ ረግረግና ሐይቅ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የደረቀ ሐይቅ ይመለሳል? ከተመለሰስ ሊጎበኘው የሄደ ሰው መመለሱ የእውነት ይሁን የአንድ ክረምት ቸርነት በምን ይለያል? ይህን ለመመለስ ከወሎ ወጣ ብለን ሐረርጌ መግባት ይኖርብናል፤ ምክንያቱም በአገራችን ሄዶ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሁሉም ካረሳው በኋላ የመጣ ሐይቅ ቢባል ከሐሮማያ የሚቀድም የለም።

ሐይቅ የሌለው ሐሮማያ

ሐሮማያ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከተማውም ዩኒቨርሲቲውም ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሐይቁ ጎረቤት ናቸው። ለአሥርት ዓመታት የሐረር ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው የዚህን ሐይቅ ውኃ ነበር። ሐሮማያና አወዳይም ከእሱ ይቀዱ ነበር። ዙሪያውን ያለው ገበሬ በፓምፕ እየሳበ ጫቱን፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን ያጠጣበታል። በደህናው ዘመን ጥልቀቱ ስምንት ሜትር ገደማ ይደርስ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ግድም ጭራሽ ደረቀ። ጀልባ ይንሳፈፍበት የነበረው ቦታ ከብት ዋለበት፤ ቆይቶም ሰው አረሰው። የሐረር ሕዝብ ውኃ በወረፋ መጠበቅ ለመደ፤ ከተማዋም ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ቆላ አዙራ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ ውኃ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ዩኒቨርሲቲው «ዓለማያ» የሚለውን የቀድሞ ስሙን ትቶ በይፋ ሐሮማያ የተባለው እንግዲህ ሐይቁ በሌለበት በዚያው ሰሞን ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ውኃው እየተመለሰ መጣ። ወፎቹ መጡ፤ ጎብኚውም ተከተለ። ፎቶግራፉ በየስልኩ ሲዞር ብዙ ሰው ተአምር አለው። ተአምሩን ለሚያምን እተወዋለሁ፤ የዚህ መጽሐፍ ሥራ ሒሳቡን ማየት ነው።

ጎተራው

ሐይቅ ጎተራ ነው። የወሎ ገበሬ ቤት ጓሮ፣ ከእንጨት ተማግሮ በጭቃና በእበት የተለሰነውን ጎተራ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። እህል የሚገባበት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ የሚወጣው ግን በየቀኑ ነው። ከሚበላው ሰው ሌላ ነቀዙ አለ፤ ማንም ሳያየው ይበላል። ጎተራው በዚህ ዓመት መሙላቱ ወይም መጉደሉ የገባው ከወጣው በመብለጡና በማነሱ ብቻ ይወሰናል። በውኃ ትምህርት ይህ «የውኃ ሚዛን» ይባላል፤ ምሥጢር የለውም፤ የሚከብደው እያንዳንዱን መግቢያና መውጫ መቁጠሩ ነው።

መግቢያዎቹ ሦስት ናቸው። በቀጥታ ሐይቁ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ከዙሪያው ዳገት የሚመጣው ወንዝና ጎርፍ፣ ከመሬት በታች እየሠረገ የሚደርሰው ውኃ። ወደ ሐይቁ የሚያፈሰው ዳገት በሙሉ የሐይቁ ተፋሰስ ነው፤ በእኛ ምሳሌ የጎተራው እርሻ ማለት ነው። መውጫዎቹ ደግሞ ትነት፣ ፈስሶ የሚሄድ ወንዝ ካለ እሱ፣ ወደ ታች የሚሠርገው፣ እንዲሁም ሰው የሚቀዳው።

ነቀዙ ትነት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው፤ በአንድ ሔክታር ላይ አሥር ሺህ ሊትር፣ ማለትም ሃምሳ በርሜል። በደጋና በወይናደጋችን ካለ ክፍት ውኃ በዓመት በትነት የሚሄደው ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ነው። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ሔክታር ሐይቅ በዓመት ሰባ አምስት ሺህ በርሜል ወደ ሰማይ ይሰዳል። በሐረርጌም ሆነ በወሎ የዓመቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ልዩነቱን፣ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ በየዓመቱ የሚሞላው ተፋሰሱ ነው። ሰማይ ብቻውን የሚያኖረው ሐይቅ በእኛ አካባቢ የለም። ሐይቅን የሚያኖረው ዳገቱ ነው፤ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ይህን ይያዝ።

ነቀዝ ይቀንሳል፣ አፍ አይቀንስም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ድርቅ በየጊዜው የሚመጣ ከሆነ ሐይቆቻችን ድሮ ለምን አልጠፉም?

ሐይቅ ሲጎድል ዳሩ ይሸሻል። ዳሩ ሲሸሽ ለፀሐይ የተሰጣው ስፋት ይጠባል፤ ስፋቱ ሲጠብ በትነት የሚሄደውም ያንሳል። በጎደለ ጎተራ ውስጥ ነቀዙም የሚበላው አጥቶ እንደሚመናመን ነው። ስለዚህ በተፈጥሮው የተተወ ሐይቅ በክፉ ዘመን ያንሳል፤ አንሶም የሆነ ቦታ ላይ ከመግቢያው ጋር ተስማምቶ ይቆማል። ደግ ዘመን ሲመጣ እንደገና ይሰፋል። ሐይቅ ራሱን የሚያድንበት መላ ይህ ነው።

ፓምፕ ግን እንዲህ አይደለም። ሐይቁ በግማሽ ቢጎድል ከተማው በግማሽ አይጠማም፤ ሽንኩርቱም በግማሽ ውኃ አያድግም። እንዲያውም በድርቅ ዓመት ዝናብ ስለሌለ ፓምፑ አብዝቶ ይሠራል። በበጋ አንድ ሔክታር ሽንኩርት በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል ብንል ሁለት መቶ ሃምሳ በርሜል ነው፤ በየቀኑ፣ ለአንድ ሔክታር ብቻ። ሐይቁ እያነሰ ሲሄድ ያው የማይቀንስ አፍ ከቀረው ላይ የሚወስደው ድርሻ በየዓመቱ ይበልጣል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ሐይቅ ለሃያ ዓመት በቀስታ ጎድሎ ሲያበቃ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ድንገት የሚጠፋው። ያየ ሁሉ «ምን ነካው?» ይላል። አዲስ ነገር አልነካውም፤ ድሮ የነካው ነው።

ጥልቀትም ሌላ ነገር ነው። በእኛው ሰፈር፣ ከመርሳ በውርጌሳና በውጫሌ አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሐይቅ ከተማ ሲደርስ የሚያየው የእስጢፋኖስ ገዳም ሐይቅ፣ ሎጎ የሚሉትም አሉ፣ ከሰማንያ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በየዓመቱ ግማሽ ሜትር ቢጎድልበት እንኳ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐይቅነቱን አይተውም። ስምንት ሜትር ለነበረው ሐሮማያ ያው ጉድለት የአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ነው። ጣና ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ከአሥራ አራት ሜትር አይዘልም፤ በ1995 ዓ.ም. የዝናቡ እጥረትና ከጨረጨራ ግድብ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደራርበው ጀልባና መርከብ እስኪቸገር ድረስ ወርዶ ነበር። ስፋት ለዓይን ግርማ ይሰጣል እንጂ ለሐይቅ ዋስትና አይሆንም። የሐይቅ ከተማ ሰዎች ግን በጥልቀታችሁ አትኩሩ፤ ከላይ ያለው ሐርዲቦ ሞልቶ ሲፈስ ወደ እናንተ የሚልከው ውኃ በመንገዱ ላይ ለመስኖ እየተጠለፈ ነው።

ሐሮማያ በምን ተመለሰ?

ሐረርጌ ደግሞ ለእኛ ምሳሌ የሚሆን ሌላ ጎተራ አለው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን መሬት ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ይከታል፤ ከላይ ሲታይ ባዶ መሬት ነው። ሐይቅም እንዲህ ያለ ሥውር ጎተራ ከሥሩ አለው፤ የከርሰ ምድር ውኃ። ሐሮማያ ከደረቀ በኋላ ገበሬው ራሱ የሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ውኃ ያወጣ ነበር። የላይኛው ጎተራ ካለቀ በኋላ ከታችኛው ተበላ ማለት ነው።

በዚህ የተነሳ ሐይቅ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመለሰው በማይታይበት በኩል ነው። የመጀመሪያዎቹ ደግ ክረምቶች ውኃ ወለሉ ላይ ጥቂት ታይቶ ይሰወራል፤ የታችኛው ዕዳ እየተከፈለ ነው። ዕዳው ሲያልቅ ውኃው መተኛት ይጀምራል። ሐሮማያም ላይ በመጀመሪያ ክረምት እየታየ በበጋ ይጠፋ የነበረው ውኃ ኋላ ነው በጋውን መክረም የጀመረው።

ለመመለሱ ምስጋናውን ማን ይውሰድ? ዙሪያው ያሉ ዳገቶች እርከን ተሠርቶባቸዋል፣ ችግኝ ተተክሎባቸዋል። ጥሩ ዝናብም ዘንቧል። ሐረር ከሐይቁ መሳብ አቁማለች። እኔ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለመጨረሻው ነው፤ ግን ሐረር ያቆመችው ለሐይቁ አዝና አይደለም፤ የሚሳብ ስላለቀ ነው። በሌላ አነጋገር ሐሮማያን ካዳኑት ነገሮች አንዱ የራሱ ሞት ነው። ይህን ያነሣሁት የሠራውን ሰው ልፋት ለማጣጣል አይደለም፤ የሚቀጥለውን ሐይቅ ለማዳን እስኪደርቅ የምንጠብቅ ከሆነ ግን ዘዴ አይባልም።

በሌላው ዓለም ያለው ልምድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአራል ባሕር ወንዞቹ ለጥጥ እርሻ ተጠልፈው ሲደርቅ ካዛክስታን ሙሉውን መመለስ እንደማትችል ተቀብላ በ1997 ዓ.ም. በሰሜናዊው ትንሽ ክፍል ላይ ግድብ አጠረች። ባለው ገቢ የሚሞላ ትንሽ ጎተራ ለየች ማለት ነው። ትንሹ ሞላ፣ ዓሣው ተመለሰ፤ ትልቁ ቀረ።

ጉብኝት፦ ጀርባን ለውኃው ሰጥቶ

አሁን ወደ ጎብኚው እንምጣ። የተመለሰ ሐይቅ ዳር የሚደርስ ሰው ዓይኑን ውኃው ላይ ተክሎ ይቀራል። እኔ የምመክረው ጥቂት ካያችሁ በኋላ ጀርባችሁን ለውኃው ሰጥታችሁ ዳገቱን እንድታዩ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ውኃ ያለው እዚያ ነው።

ዳገቱ ላይ የምትሠሯት ቀላል ሙከራ አለች። ወደ ሐሮማያ መሄድም አያስፈልግም፤ ከወልድያ ወደ መርሳ ስትሄዱ ስሪንቃ አካባቢ፣ ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለለ ዳገት አጠገብ ውረዱ። ሁለት ሃይላንድ ውኃ ያዙ። አንደኛውን ከክልሉ ውጪ፣ ከብት የረገጠው ራቁት መሬት ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ውኃው ለአፍታ ያንጸባርቃል፣ ከዚያ አቧራውን እየገፋ፣ ዳሩ ላይ ስስ ቡናማ አረፋ ይዞ ቁልቁል ይሮጣል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በጥፍራችሁ ብትጭሩት ከላይ ያለችው ስስ ቅርፊት ብቻ ናት የራሰችው፤ ሥሯ ደረቅ ዱቄት ነው። ሁለተኛውን ክልሉ ውስጥ፣ ሣሩ ሥር አፍስሱ። የሚሮጥ ነገር አታዩም። የሣሩ ግንድ ዙሪያ ያለው ቅጠላ ቅጠል ትንሽ ይነሣና ይተኛል፤ ውኃው የሥሮቹንና የምስጥ ቀዳዳዎቹን መንገድ ይዞ ይገባል። ዳገቱ የሐይቅ ተፋሰስ ቢሆን የመጀመሪያው ሃይላንድ ዛሬውኑ ደለል ተሸክሞ ሐይቅ ይደርሳል። ሁለተኛው ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም በበጋ፣ ንጹሕ ምንጭ ሆኖ ይደርሳል። ደለሉ የጎተራውን ወለል ከፍ እያደረገ ቦታ ይበላል፤ ስምንት ሜትር ለነበረ ሐይቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዳገቱ ወደ ሐይቁ ስትመለሱ ዳሩን እዩ። ውኃውና እርሻው መካከል ቄጠማ፣ ፊላ ወይም ደንገል አለ? ይህ የዳር ሣር የጎርፉን ሩጫ ያበርደዋል፣ ደለሉን ያስቀምጠዋል፣ ከማሳ የሚመጣውን ማዳበሪያ እየሳበ ያድግበታል። እርሻው ውኃው አፍ ድረስ ከደረሰ ሐይቁ ገና አልዳነም።

ወፎቹም ይናገራሉ። እግረ ረጃጅሞቹ ብቻ ከበዙ ያያችሁት ጥልቀት የሌለው ጭቃማ ውኃ ነው። ፔሊካንና ሌሎች ዓሣ አጥማጆች ካሉ ዓሣ አለ፤ ዓሣ ካለ ደግሞ ውኃው በጋን ተሻግሯል። ሳቢሳ ምስክር አይሆንም፤ ከብት ያለበት ሁሉ አለ።

በመጨረሻ ፓምፖቹን ቁጠሩ። ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ይህ ለጎብኚ ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ወፍ ቆጥሮ ፓምፕ ያልቆጠረ ሰው ግን የጎተራውን መውጫ ሳያይ ተመልሷል።

እርከን ይሰጣል ወይስ ይነጥቃል?

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይገባል። ሣሩና እርከኑ ውኃውን ዳገቱ ላይ ካስቀሩት ለሐይቁ የሚደርሰው አይቀንስም?

ሊቀንስ ይችላል። ይህን የሚደብቁ የችግኝ ተከላ ንግግሮች ብዙ ናቸው። እርከን የሠራ ተፋሰስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚልከው ጎርፍ ያንሳል፤ ያስቀረውን በምንጭ መልክ እስኪመልስ ጊዜ ይወስዳል። የተተከለው ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ያስቀረውን ራሱ ሊጠጣው ይችላል። ከዳገቱ ሥር ያለው ገበሬም ምንጩ ሲጠነክር አዲስ ፓምፕ ያስገባል፤ አይፈረድበትም፤ ሐይቁ ግን ቆጥሮ ያጣል። በወሎ ከ1966 እና ከ1977ቱ ረኃቦች በኋላ በምግብ ለሥራ ከተሠሩት እርከኖች የተገኘው ትምህርትም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ እርከኑ የቆየው ከሥሩ ያለው ሰው ጥቅሙን ባየበት ቦታ ነው። ስለዚህ የሐይቅ ማገገም የዳገትና የፓምፕ ስምምነት ነው። አንዱ ያለ ሌላው ቢሠራ ሒሳቡ አይዘጋም።

ሐይቅ ያልተባሉት

ሐሮማያ ዕድለኛ ነው፤ ሲጠፋ ተለቅሶለታል። ሐይቅ የሚል ማዕረግ ያልተሰጣቸው ረግረጎች ግን ሲጠፉ «መሬት ተገኘ» ነው የሚባለው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ ሐርቡንና ከሚሴን የያዘው የቦርከና ሸለቆ የጨፋ ረግረግ ሰፊው ክፍሉ ቦይ ተቆፍሮለት ወደ እርሻ ተለውጧል፤ ከአፋር ቆላ ሳይቀር በክፉ በጋ ከብቱን ይዞ የሚመጣው አርብቶ አደር ሣርና ውኃ የሚያገኘው ግን እዚያ ነበር፣ አሁንም የተረፈው ላይ ነው። ጣና ዳር በፎገራ የሼሸርና የወላላ ረግረጎች ውኃ በቦይና በፓምፕ እየተሳበ ወደ ማሳ ገብቷል፤ አምባዛ በክረምት ከጣና ወጥታ የምትራባው እንዲህ ባለው ውኃ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ «የጣና ዓሣ ለምን አነሰ?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። ጣናን ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ምዝገባው ክብር ነው፤ መውጫዎቹን ግን አይዘጋም።

የግራና፣ የመርሳና የወልድያ አንባቢዎቼ በየቀበሌያችሁ ትንሽ ጨፌ፣ የምንጭ ኩሬ ወይም በክረምት የሚሞላ ረግረግ ታውቃላችሁ። አንድ ጠንካራ ችካል በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ በሚስማር ምልክት አድርጋችሁበት መሀሉ ላይ ትከሉ። በየወሩ መባቻ ውኃው የት እንደደረሰ ቀን ጠቅሳችሁ በደብተር ጻፉ፤ ዙሪያውን የሚሠሩትን ፓምፖች ብዛትም ከጎኑ አስፍሩ። የትምህርት ቤት ልጆች ሊሠሩት ይችላሉ። ከሁለትና ከሦስት በጋ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ውኃው ገና ሳለ።